አምስት ቀን አብሮ ማደር ለመምህርነት ምን ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኝ ነኝ። በቅርቡ ለአምስት ቀናት ከኮሌጁ ውጪ አብረን እያደርን የምንሳተፍበት የጋራ ኑሮ ካምፕ እንደሚካሄድና ተሳትፏችንም ውጤት እንደሚያዝበት ተነግሮናል። መርሐ ግብሩን ስመለከተው ግን ምግብ ማብሰል፣ ውኃ መቅዳት፣ ግቢ ማጽዳትና ማታ ማታ መሰብሰብ ይበዛበታል። የማስተማር ልምምድ ሪፖርቴን ገና አልጨረስኩም፤ ጊዜውን ለእሱ ባውለው አይሻልም? ካምፑ ለመምህርነት በእርግጥ የሚሰጠው ነገር አለ?

መልስ፦ የሪፖርትዎ ነገር ቢያሳስብዎት አይፈረድብዎትም፤ ካምፑን ከሪፖርት ማስረከቢያ ጊዜ ጋር ያጋጨው አካል ቢወቀስም ተገቢ ነው። ጥያቄዎ ግን ከጊዜ ጥበት ያለፈ ስለሆነ ወደ እሱ ልሂድ።

መምህር የሥራ ዘመኑን የሚያሳልፈው ሳይመራረጡ በአንድ ክፍል የተገናኙ ልጆች አብረው እንዲሠሩ በማድረግ ነው። በኮሌጅ ቆይታው ስለ ቡድን ሥራ፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ግጭት አፈታት ብዙ ያነባል፤ ይፈተንበታልም። ከማይግባባው ሰው ጋር አንድ ድስት ይዞ ሰማንያ ሰው በሰዓቱ ማብላት ምን እንደሚጠይቅ ግን ከንባብ አያገኘውም። በዣክ ዴሎር የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ለዩኔስኮ ባቀረበው ሪፖርት ትምህርትን በ4 ምሰሶዎች ላይ ሲያቆም ከእነርሱ አንዱን አብሮ መኖርን መማር ብሎታል። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም ማወቅን፣ መሥራትንና ራስን መሆንን መማር፣ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ቢያንስ በከፊል ቦታ ያገኛሉ። ይህኛው ግን በእኔ እምነት አብሮ ካልኖሩ የሚለመድ አይደለም።

የእጅ ሥራው መብዛትም የታሰበበት ነው። ማኅተማ ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1937 ህንድ ውስጥ በዋርዳ በተካሄደው ጉባኤ ላይ ትምህርት በእጅ ሥራ ዙሪያ እንዲዋቀር ሐሳብ ያቀረቡ ሲሆን፣ ዝርዝሩን እንዲያዘጋጅ የተሰየመውን ኮሚቴ የመሩት ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዛኪር ሁሴን ነበሩ። ዛሬም በዚያች አገር በበርካታ የመምህራን ትምህርት መርሐ ግብሮች ውስጥ የጋራ ኑሮ ካምፕ የሥልጠናው አንድ ክፍል ነው። መጸዳጃ ቤት አጽድቶ የማያውቅ መምህር ተማሪን ክፍል እንዲጠርግ ሲያዝ ሥራውን እንደ ቅጣት አድርጎ የማዘዝ አባዜ አለበት፤ ይህን በብዙ ትምህርት ቤት አይቻለሁ።

ማደሩ ለምን አስፈለገ ቢሉም ምክንያት አለው። ብሩስ ተክማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዳው፣ ሰዎች በቡድን ሲሰባሰቡ ከትውውቁ ቀጥሎ የመጋጨት ወቅት ይመጣል፤ የጋራ ደንብ ወጥቶ ሥራ የሚሳለጠው ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት በትውውቁ ያልቃል፤ ሁሉም እየሳቀ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔ በሠልጣኝነቴ በተሳተፍኩበት ካምፕ በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ የውኃው በርሜል ባዶውን ተገኘ። የማታው ተረኛ ቡድን የጠዋቱ ይሞላዋል ብሎ፣ የጠዋቱ ደግሞ የማታው ሞልቶት ሄዷል ብሎ ተኝቶ ነበር። ቁርሱ በ2 ሰዓት ዘገየ፤ ሽንኩርት የሚልጡት ልጆች እጃቸውን የሚታጠቡበት እንኳ አጥተው ጣቶቻቸውን በሣር ሲጠርጉ አስታውሳለሁ። በምሽቱ ስብሰባ ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ መወቃቀስ ሲጀምሩ ሰብሳቢያችን ጥፋተኛ ፍለጋ አልገባችም፤ «ተራ ሲቀየር በርሜሉን ከፍቶ አይቶ የሚረከበው ማን ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ለካ ማንም አልተመደበም ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተረኛ ተረኛን በርሜሉ አጠገብ ቆሞ እንዲረከብ ተወሰነ። በማስተምርበት ክፍል የጋራ መጻሕፍት በጠፉ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ያችኑ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ይሂዱ፤ ከሁሉም በላይ የማታውን ስብሰባ አያቃሉት። ቀን የተሠራው ሥራ ትምህርት የሚሆነው እዚያ ሲነሣና ሲጣል ነው። በየምሽቱ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ቢይዙ ደግሞ ለሪፖርትዎም ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ ለ80 ሠልጣኞች የተዘጋጀ ካምፕ እንዳስተባብር ተመድቤያለሁ። ቡድኖቹን እንዴት ላከፋፍል? ለተሻለው ቡድን ሽልማት ብናዘጋጅ ተነሣሽነት አይጨምርም? በዝግጅቱ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር ካለም ቢጠቁሙኝ።

መልስ፦ ቡድኑን በዕጣ ያከፋፍሉ፤ ሆኖም የትምህርት ክፍሎችና ጾታ እንዲሰባጠሩ አስቀድመው ዕጣውን በየምድቡ ይለዩት። ከ8 እስከ 10 ሰው ለአንድ ቡድን ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ከሰው ጀርባ የሚሸሸግ ይኖራል። የተረኞቹን ስም ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ የአሠልጣኞቹም ስም ይግባበት። አንድ ጊዜ በጎበኘሁት ካምፕ ሰሌዳው ላይ ከመጸዳጃ ቤት ጽዳት አንድ ስም በጣት ተጠርጎ ሌላ ተተክቶበት ነበር፤ የተጠረገው ስም የአንድ አሠልጣኝ ነበር። በዚያ ካምፕ ስለ እኩልነት የተሰጠው ገለጻ ምን ያህል ሰሚ እንዳገኘ መገመት አያዳግትም።

ሽልማቱን ቢተዉት እመርጣለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት 22 ታዳጊ ወንዶችን በሁለት ቡድን ከፍለው በካምፕ አቆዩአቸው። ቡድኖቹ ለሽልማት ሲወዳደሩ መሰዳደብና አንዱ የሌላውን ማደሪያ መውረር መጣ። አብረው እንዲበሉ ማድረግ ብቻውን ጠቡን አላበረደውም፤ እንዲያውም ምግብ ተወራወሩ። ጠቡ የረገበው የካምፑ ውኃ ተቋርጦ መላ መፈለግን የመሳሰሉ ሁለቱም ካልተባበሩ የማይወጧቸው ሥራዎች ሲመጡ ነው። ችግሮቹን ሆን ብለው የፈጠሩት ተመራማሪዎቹ ሲሆኑ ልጆቹ ይህን አለማወቃቸው ዛሬ በምርምር ሥነ ምግባር ያስነቅፋል፤ ለካምፕ አዘጋጅ የሚሰጠው ትምህርት ግን የሚናቅ አይደለም። ሁሉም ቡድን የድርሻውን ካልሠራ የማይጠናቀቅ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአካባቢው ትምህርት ቤት የማንበቢያ ጥግ ማደራጀት፣ ከዋንጫ የበለጠ ያስተባብራቸዋል።

ዝግጅቱን በተመለከተ ውኃና መጸዳጃን ያስቀድሙ። ለአደጋ ጊዜ ሰብዓዊ ርዳታ የወጣው የስፊር መመዘኛ ዝቅተኛውን መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃና ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ለ80 ሰው በቀን 1,200 ሊትርና 4 መጸዳጃ ማለት ነው። ይህ ለተፈናቀሉ ሰዎች የወጣ ወለል ስለሆነ የእርስዎ ካምፕ ከዚህ በታች መሆን አይገባውም፤ የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃም ይለይ። በወጥ ቤት በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ፣ እስኪቀርብ ድረስም ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ ይቆይ። ብዙ ሰው በሚመገብበት ቦታ አንድ የተበላሸ ድስት መርሐ ግብሩን በሙሉ ያስተጓጉላል።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ጨቅላ አለኝ፤ አጠባለሁም። ማደር ግዴታ ነው ስለተባለ ካምፑን ለሌላ ዓመት ላራዝመው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ከማራዘምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ልጅዎንና የሚይዝልዎትን ሰው ይዘው በተለየ ክፍል ማደር፣ ካልሆነም ቀን ቀን ተገኝቶ ማታ ወደ ቤት መመለስ ሊፈቀድልዎ የሚገባ አማራጭ ነው፤ አብሮ መኖርን አስተምራለሁ የሚል መርሐ ግብር ጡት የምታጠባን እናት ማስተናገድ ካቃተው ስሙን ቢያጤነው ይሻላል። ማታ የማያድሩ ከሆነ የምሽቱ ስብሰባ ከመሄድዎ በፊት እንዲካሄድ ይጠይቁ። የተረኝነት ድርሻዎንም እንዳያስቀሩብዎት፤ የግምጃ ቤት መዝገብ መያዝ ወይም የወጪ ሒሳብ መሥራት ካምፑ የቆመበት ሥራ ነውና ደስ ብሎዎት ሊወስዱት ይችላሉ። ማመልከቻውን ግን የቡድኑ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ያስገቡ።