የመርሳት በሽታ ጂን በኮምፒውተር እንዴት ይፈለጋል? ጠይቁኝ ብዬ የተጠየቅሁት

ሥራዬ የሰው ጂን መረጃን በኮምፒውተር መተንተን ነው። ሰሞኑን «ስለ መርሳት በሽታ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብል ጥያቄው ዘነበ። የተደጋገሙትን አዋህጄ እነሆ። ሐኪም አይደለሁም፤ የመድኃኒት ጥያቄዎችን ለባለቤቱ ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ አያቴ «ጃጁ» እየተባሉ ነው ያረፉት። መጃጀትና የመርሳት በሽታ አንድ ነው?

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት ከእርጅና ሊመጣ ይችላል። 40 ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ መጥፋት ግን የአንጎል በሽታ ምልክት ነው። ሰፈር ውስጥ ጃጁ ስንላቸው ከኖርናቸው ብዙዎቹ ታመው እንደነበር እገምታለሁ። ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የመርሳት በሽታ አልዛይመር ነው፤ ከዚህ በታች የማወራውም ስለ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አልዛይመር አለባት። እኔም መታመሜ አይቀርም ማለት ነው?

አይደለም፣ አይዞሽ። ከወላጅ በቀጥታ የሚወረስ ዓይነት አለ። ኤፒፒ፣ ፕሬሰኒሊን 1 እና ፕሬሰኒሊን 2 በሚባሉ ሦስት ጂኖች ስህተት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ገና በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። ከመቶ ታማሚ አንዱም አይሞላ። እናትሽ የታመመችው ከ70 ዓመት በኋላ ከሆነ ይሄ የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው።

የተለመደው ዓይነት የብዙ ጂኖች ድምር ነው። ከነሱ አውራው በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታወቀው ኤፖኢ 4 ነው፤ ኤፖኢ የተባለው ጂን አንዱ ዓይነት። በአውሮፓውያን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው አደጋው በግምት 3 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይጨምራል። ቢሆንም ኤፖኢ 4 ይዘው እስከ 90 ዓመታቸው ንቁ ሆነው የኖሩ አሉ፤ ሳይኖራቸው የታመሙም ሞልተዋል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል? ጂንን በማይክሮስኮፕ አይደል የሚያዩት?

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። የዘረመላችን ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው። አብዛኛው በሁላችንም ዘንድ አንድ ነው። የምንለያየው እዚህም እዚያም ባለች አንዳንድ ፊደል ነው። ታማሚዎችን በአንድ ወገን፣ ጤነኞችን በሌላ ወገን እናደርግና «ይህች ፊደል በታማሚዎቹ ዘንድ በዛች?» እያልን ቦታዎቹን አንድ በአንድ እንፈትሻለን። በሚሊዮን ጊዜ። ለዚህ ነው ማሽን የሚያስፈልገው።

ሒሳቡ ራሱ ያን ያህል አይደለም። ከባዱ አለመሸወድ ነው። ሚሊዮን ሰው ሎተሪ ቢቆርጥ ለአንዱ ይወጣለታል፤ ያ ሰው ግን ቁጥር አዋቂ አይባልም። በተለመደው የ5 በመቶ መመዘኛ ሚሊዮን ቦታ ብንፈትሽ 50,000 የሚሆኑት በአጋጣሚ ብቻ «ተገኘሁ» ይሉናል። ስለዚህ መመዘኛውን አጥብቀን በ100 ሚሊዮን 5 አድርገነዋል። ሌላም ወጥመድ አለ። ታማሚዎቹ በብዛት ፊንላንዳውያን፣ ጤነኞቹ ጣሊያኖች ቢሆኑ የማገኘው የበሽታ ጂን ሳይሆን የፊንላንዳዊነት ምልክት ነው። የሥራ ቀኔ ግማሹ የሚያልቀው እንዲህ ያለውን ስህተት ሳጸዳ ነው።

በ2009 በዚህ መንገድ ክለስተሪን፣ ፒካልም እና ሲአር 1 የተባሉት ጂኖች ተገኙ። በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት 111,326 ታማሚዎችን ከ677,663 ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ 75 ቦታዎችን ለየ፤ 42ቱ አዲስ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። «ታማሚ» ተብለው ከተቆጠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው አልታመሙም፤ «አባቴ ወይም እናቴ ታማ ነበር» ያሉ ናቸው። ቁጥር ያበዛል፤ ግን ስንቱ ነው የአባቱን በሽታ በትክክል የሚያውቀው?

ጥያቄ፦ ታዲያ 75 ጂን ተገኘ ማለት ነው?

75 ሰፈር ተገኘ በሉት። አዲስ አበባ ውስጥ «ሃያ ሁለት አካባቢ ነው» ተብሎ ቤት እንደመፈለግ ነው። ጎረቤት የሆኑ ፊደላት አብረው ስለሚወረሱ ጥፋተኛዋን ከጎረቤቶቿ መለየት ያስቸግራል። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ቦታዎች ከጂኑ ውጪ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ያለ ጂንን የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች። የትኛው ማብሪያ የትኛውን መብራት እንደሚያበራ ለማወቅ የየአንዳንዱን የአንጎል ሴል መረጃ መመርመር ይጠይቃል። ይህ ሲደረግ ምልክቱ ደጋግሞ የሚያመራው ወደ ማይክሮግሊያ ነው፤ የአንጎል ዘበኛም ጽዳት ሠራተኛም የሆኑት ሴሎች። በ2013 በአይስላንድና በሌሎች አገሮች መረጃ የተገኘው ትሬም 2 ጂንም የሚሠራው እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ የሚከላከል ጂንስ የለም?

አለ። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ አካባቢ የፕሬሰኒሊን 1 ስህተት የሚወርድበት ትልቅ ቤተሰብ አለ፤ ተሸካሚዎቹ በ40ዎቹ ዕድሜ መርሳት ይጀምራቸዋል። ከተሸካሚዎቹ አንዲት ሴት ግን እስከ 70ዎቹ ዕድሜዋ ሳይጀምራት ቆየች። በ2019 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ክራይስትቸርች የተባለ ብርቅ የኤፖኢ ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቿ ወርሳ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ብቻ ስለነበረች በሒሳብ ማስረገጥ አይቻልም ነበር። ለመድኃኒት ፈላጊዎች ግን ትልቅ ፍንጭ ሰጥታለች።

ጥያቄ፦ ኤአይ መጥቶ ይሄን ሁሉ አልጨረሰውም እንዴ?

አልጨረሰውም። በ2023 የወጣው አልፋሚሴንስ የተባለ የኤአይ ፕሮግራም 71 ሚሊዮን ለውጦችን ጎጂ ናቸው አይደሉም ብሎ ገምቷል። የሚገምተው ግን ፕሮቲንን የሚቀይሩትን ብቻ ነው። ስለ ማብሪያዎቹ አይነግረንም።

ጥያቄ፦ ሐበሻ መረጃው ውስጥ አለ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ በምራቅ የሚሠራውን የጂን ምርመራ ላድርግ?

መረጃው በአብዛኛው የአውሮፓውያን ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል። በናይጄሪያ ኢባዳን በዮሩባዎች ላይ በተደረገው ጥናት ኤፖኢ 4 በአውሮፓውያን የታየውን ያህል ጉልበት አላሳየም። በአፍሪካ አሜሪካውያን ደግሞ ኤቢሲኤ 7 የተባለው ጂን ጎልቶ ወጣ። ስለዚህ በአውሮፓውያን መረጃ የተሰላ የአደጋ ነጥብ (ከጂኖች ድምር የሚወጣ የመታመም ግምት) ለእርስዎ ሲሰላ ሊዛባ ይችላል። እኔ ብሆን ውጤቱን ከነጮች ሠንጠረዥ ጋር አስተያይቼ እንቅልፍ አላጣም ነበር።

ደግሞ ይሄን ይወቁ፦ አሜሪካ ውስጥ በ2008 የወጣው ጂና የተባለው ሕግ አሠሪና የጤና ኢንሹራንስ በጂን ምክንያት እንዳያገልልዎ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስንና የረጅም ጊዜ የእንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይመለከትም። ከመመርመርዎ በፊት የጂን አማካሪ ያነጋግሩ።

በነገራችን ላይ አፍሪካውያንን ማጥናት ለሁሉም ይጠቅማል። ዘረመላችን እጅግ የተለያየ ስለሆነ አብረው የሚወረሱት ፊደላት ጥቂት ናቸው። ሰፈሩ ጠበበ ማለት ቤቱን ማግኘት ቀለለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ላብራቶሪ የለንም። ከየት ልጀምር?

ላብራቶሪ አያስፈልግህም። የትላልቆቹ ጥናቶች የማጠቃለያ ውጤት፣ እንዲህ ያሉ ጥናቶች በሚሰበሰቡበት ጂዋስ ካታሎግ የተባለ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ በነጻ ይገኛል። ፕሊንክ የሚባለውን የጂን መረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር አውርድ፤ እሱም ነጻ ነው። አር ወይም ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማር፤ ከሁሉም በላይ ግን ስታቲስቲክስ። መጀመሪያ የክሮሞሶም 19ን ውጤት ሥዕል አድርገህ አውጣ። አንድ ቦታ ላይ ከሁሉ ልቆ እንደ ራስ ዳሸን ብቅ የሚል ጫፍ ታያለህ። ኤፖኢ እሱ ነው። ካልታየህ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል፤ ኮድህን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።