ልብ ሲታበይ፣ እጅ ሲጸና
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን፣ በብሉይ ኪዳን ስለ ትዕቢትና ስለ ታማኝነት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ምዕራፍና ቁጥር የምንጠቅሰው በተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አቆጣጠር ነው። በግእዙ ቅደም ተከተል የምታነቡ፣ እኛ 2ኛ ነገሥት ያልነውን «ነገሥት ራብዕ» ላይ ታገኙታላችሁ።

«መንዝ ውስጥ ልጆቻችንን የምናሳድገው አንገታችሁን አትድፉ እያልን ነው። ኩሩ መባልም ሙገሳ ነው። በቅርቡ አንድ ሰባኪ ኩራት ሁሉ ኃጢአት ነው ብለው አስተማሩ። መጽሐፉ እንዲህ ይላል?» — ከመሐል ሜዳ

አይልም። ኩራት በአማርኛችን ሁለት ፊት እንዳለው፣ የዕብራይስጡ «ጋኦን»ም ሁለት ፊት አለው። በመዝሙር 46፥4 (በዕብራይስጡ 47) የያዕቆብ «ጋኦን» እግዚአብሔር የወደደው ክብር ነው። በአሞጽ 6፥8 ደግሞ ያው የያዕቆብ «ጋኦን» እግዚአብሔር የሚጸየፈው ትዕቢት ሆኗል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም፤ ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ዕብራይስጡ ትዕቢትን ከሚገልጽባቸው ሥሮች ሦስቱን እንይ፤ ሦስቱም በዓይን ከሚታይ ነገር የተነሡ ናቸው። የመጀመሪያው «ጋባህ» ነው፤ ከፍ አለ፣ ረዘመ ማለት ሲሆን ለሳኦል ቁመትም ተነግሯል (1ኛ ሳሙኤል 9፥2)። ሁለተኛው የ«ጋኦን» ሥር የሆነው «ጋአ» ነው። ሕዝቅኤል 47፥5 ላይ ወንዙ ሞልቶ ሰው ሊሻገረው አልቻለም የተባለው በዚህ ቃል ነው። ሦስተኛው «ዛዶን» ነው፤ ሥሩ ከመፍላትና ከመገንፈል ጋር ይገናኛል። ዘፍጥረት 25፥29 ያዕቆብ የምስር ወጡን ሲሠራ የሚናገረው በዚሁ ሥር ነው። ድስቱ በልኩ ሲንተከተክ ወጡ ይበስላል፤ ክዳኑን ገፍቶ ሲገነፍል ግን ወጡም ይደፋል፣ እሳቱም ይጠፋል። ወንዙም ጥፋቱ መሙላቱ አይደለም፤ ከዳርቻው መውጣቱ ነው።

ቀና ብሎ መሄድን በተመለከተ ዘሌዋውያን 26፥13ን ለልጆችዎ ያንብቡላቸው። እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ባርነት ያወጣበትን ሲያስታውሳቸው የቀንበራችሁን እንጨት ሰብሬ ቀና ብላችሁ እንድትሄዱ አደረግኋችሁ ይላል። አንገትን አለመድፋት የእርሱ ስጦታ ሆኖ ነው የተቆጠረው። ልጁ ቀና ይበል። እርስዎ የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነው፤ ስህተቱ ሲነገረው ምን እንደሚያደርግ። ይህ የሚቀጥለው ጥያቄም ዋና ጉዳይ ነው።

«ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የንጉሥ ዖዝያንን ታሪክ ሳስተምር አንድ ልጅ ተነሥቶ ‹የሠፈራችን እኅትም ለምጽ የወጣባት ስለታበየች ነው?› አለኝ። ልጅቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ምን ልመልስ?» — ከደብረ ብርሃን

እኅታችን፣ መልሱ «አይደለም» ነው። እርሱንም በሚቀጥለው ሰንበት፣ በዚያው ክፍል፣ ልጅቷ ባለችበት ይንገሯቸው።

ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 26 ላይ ነው። ዖዝያን በ16 ዓመቱ ነገሠ፣ 52 ዓመትም ገዛ። በኢየሩሳሌም ግንብ ሠራ፣ በምድረ በዳ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ 307,500 ወታደር አደራጀ። ቁጥር 10 ግብርና ይወድድ ነበር ይላል፤ ስለ ንጉሥ እንዲህ ሲባል ብዙ አይሰማም። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ አንድም ነገር አይነቅፍበትም። ቁጥር 15 እስኪበረታ ድረስ በድንቅ እንደተረዳ ይናገራል። ቁጥር 16 ደግሞ በበረታ ጊዜ ልቡ «ጋባህ»፣ ከፍ አለ ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ጦርነት የለም፣ ረኃብ የለም፤ የተቀየረው መበርታቱ ብቻ ነው። ዘዳግም 8፥12–14 አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር፦ በልተህ ስትጠግብ፣ መልካም ቤት ስትሠራ፣ ላምና በግህ ሲበዛ ልብህ እንዳይታበይ።

ከዚያ ዖዝያን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ዕጣን ማጠን የአሮን ልጆች ሥራ ነው (ዘኍልቍ 16፥40)። ቁጥር 16 ድርጊቱን የሚጠራበት ቃል «ማዓል» ነው፤ የአደራ ክህደት ማለት ነው። በዕብራይስጥ ትዕቢት ከታማኝነት ጋር የሚጋጨው እዚህ ነው፤ ልቡ ከፍ ያለ ሰው የተሰጠውን ድንበር ይጥሳል።

ለልጆቹ ቀስ ብለው የሚያሳዩት ቦታ ቁጥር 17 እስከ 19 ነው። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ጽኑዓን ካህናት ጋር ተከትሎት ገባና «ይህ ለአንተ አይገባም፣ ውጣ» አለው። ንጉሡ ገና ጤነኛ ነው። ጥናውን ይዟል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ቢወጣ ይወጣል። እርሱ ግን ተቆጣ። ለምጹ በግንባሩ የታየው ሲገባ ሳይሆን፣ ካህናቱን ሲቆጣ ነው። ከዚህ አጠገብ 2ኛ ዜና መዋዕል 32፥25–26ን ያስቀምጡ። ስለ ሕዝቅያስም ልቡ «ጋባህ» ተብሎ በዚያው ቃል ተጽፏል፤ እርሱ ግን ከልቡ ኩራት ተመልሶ ራሱን አዋረደ፣ የእግዚአብሔርም ቁጣ በዘመኑ አልመጣም። ሁለት ነገሥታት፣ አንድ በደል፤ የለያቸው ከተገሠጹ በኋላ ያደረጉት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። የሚከተሉትን ነጥቦች ይያዙ፦

2ኛ ነገሥት 15፥5 የዚህኑ ንጉሥ ለምጽ ሲዘግብ ምክንያት አይሰጥም። (እዚያ ንጉሡ «ዓዛርያስ» ተብሎ ስለሚጠራ ተማሪዎች ከካህኑ ጋር እንዳያምታቱት።) ሶርያዊው ንዕማንም ለምጻም ነበር፤ 2ኛ ነገሥት 5 ለምጹን ቅጣት አይለውም። ትዕቢቱ የታየው ሰባት ጊዜ በዮርዳኖስ ታጠብ ሲባል ነው። እንግዲህ ከአንድ ንጉሥ ታሪክ ተነሥቶ ለምጽ ያለበት ሁሉ ትዕቢተኛ ነው ማለት በመጽሐፉ ላይ መጨመር ነው። ኢዮብን በቁስሉ የፈረዱበት ጓደኞቹ በመጨረሻ የተወቀሱት እነርሱ ናቸው።

ደግሞም «ጻራዓት» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል በልብስ ላይ የሚወጣ ነገርንም (ዘሌዋውያን 13፥47)፣ በቤት ግድግዳ ላይ የሚታየውንም (14፥34) ይጨምራል፤ እኛ ዛሬ ለምጽ ከምንለው ጋር አንድ አይደለም። እንዲያውም 13፥12–13 ንጣቱ የሰውየውን ቆዳ ሁሉ ከሸፈነ ካህኑ «ንጹሕ ነው» እንዲል ያዝዛል። ዛሬ ለምጽ የምንለው ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ከቦታው ስለሚጠፉ የሚመጣ ነው። በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። የነጣው ቦታ ፀሐይ ቶሎ ስለሚያቃጥለው፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋታል። ነጣ ያለው ቦታ ሲነካ የማይሰማት ከሆነ ግን ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ያ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ እርሱም ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል።

«በሰበካ ጉባኤያችን የቤተ ክርስቲያን ግንባታ ገንዘብ ቆጠራ ላይ ክርክር ተነሣ። አንድ አባት 2ኛ ነገሥት 12፥15ን ጠቅሰው ‹በታማኝነት ስለሠሩ አይቆጣጠሯቸውም ነበር› ስላሉ ሒሳብ መጠየቅ እንደ ነውር ሆነ። ትክክል ናቸው?» — ከአንኮበር

ጥቅሱ አለ፤ ግን ከቁጥር 4 ጀምሮ ሲነበብ ሌላ መልክ ይይዛል። መጀመሪያ ገንዘቡ በካህናቱ እጅ ነበር፤ እስከ ንጉሥ ኢዮአስ 23ኛ ዓመት ድረስ ግን የቤቱ ፍራሽ አልተጠገነም። ሌባ ተገኘ አይልም፤ ሥርዓት ስላልነበረ ሥራው ቆመ። ያኔ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ በክዳኑ ቀዳዳ አበጀና በመሠዊያው አጠገብ በስተቀኝ አኖረው፤ የእኛ ሙዳየ ምጽዋት ማለት ነው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህኑ ሁለቱም መጥተው ይቆጥሩና በከረጢት ያስሩት ነበር (ቁጥር 10)። ከዚያ ተመዝኖ ለሥራው ኃላፊዎች ይሰጣል፤ እነርሱም ለአናጢው፣ ለግንበኛው፣ ለድንጋይ ጠራቢው ይከፍላሉ። ለግንባታ የተሰበሰበው ገንዘብ ለብር ዕቃና ለመለከት መሥሪያ እንዳይውልም ተወስኗል (ቁጥር 13)።

ቁጥር 15 የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያልተጠየቁት ተቆጥሮና ተመዝኖ የተሰጣቸውን ለሠራተኛው የሚያደርሱት ናቸው። ሣጥኑን ብቻውን የሚከፍት ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

ወደ እናንተ ስናመጣው፦ ሙዳየ ምጽዋቱ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። ቆጠራው ቢያንስ ሦስት ሰው ባለበት ይካሄድ፤ ድምሩ እዚያው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይፈረምበት፤ ገንዘቡ ሳያድር፣ ባንክ ከተዘጋ በማግስቱ፣ ለግንባታው ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ከእጅ ወደ እጅ ለሚሰጥ ስጦታ ካርኒ ይቆረጥ። ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበላሸው ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሰው ለዓመታት ብቻውን ሲቆጥር ነው። አንድ ቀን ጉድለት ቢታይ መጠየቁ ስድብ ይሆናል፣ እርሱም ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት ወረቀት አይኖረውም። አባታችንን ሲያነጋግሩ ከዚህ ይጀምሩ፤ ቆጠራው ለታማኙ ሰው መከታ ነው።

«ዕንባቆም 2፥4 ጻድቅ ‹በእምነቱ› በሕይወት ይኖራል ይላል። ‹በታማኝነቱ› የሚል ትርጉምም ሰማሁ። የትኛው ነው?» — ከሸዋ ሮቢት

ዕብራይስጡ «ኤሙና» ሁለቱንም ይይዛል። ለእኛ ለመረዳት አያስቸግርም፤ እምነት፣ ታማኝ፣ ምእመን፣ ሃይማኖት፣ አሜን ሁሉ ከዚያው ከአ-መ-ነ ሥር ናቸው። በዘፀአት 17፥12 አሮንና ሖር የሙሴን እጆች ሲደግፉ እጆቹ ፀሐይ እስክትገባ «ኤሙና» ሆኑ ይላል፤ ጸኑ፣ አልተንቀጠቀጡም። የአንኮበሩ ጠያቂያችን ያነሡት «በታማኝነት ስለሠሩ»ም ያው ቃል ነው። የግሪኩ ትርጉም «በእኔ እምነት» ብሎ ወደ እግዚአብሔር ታማኝነት ያዞረዋል። የቁጥሩን መጀመሪያም አይዝለሉት፤ ነፍሱ የኰራችው ሰው ከዚህ ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የቆመው።

«ለሴቶች ማኅበራችን መጽሐፈ ሩትን ላስተምር ነው። የሩት ታማኝነት ለአማቷ ከተናገረችው ቃል ሌላ በምን ይታያል?» — ከሰላ ድንጋይ

በቃርሚያው። ንግግሯ (1፥16–17) ሁለት ቁጥር ነው፤ ምዕራፍ 2 ግን ሙሉውን የጉልበት ሥራ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቃረመች፣ የቃረመችውን ወቃች፣ አንድ ኢፍ የሚያህል ገብስ አገኘች። ኢፍ ወደ 22 ሊትር ይገመታል። ዘፀአት 16 የአንድ ሰው የቀን ምግብ አንድ ጎሞር፣ ጎሞርም የኢፍ አሥረኛ እጅ ነው ስለሚል፣ የአንድ ቀን ቃርሚያዋ ለሁለቱ ሴቶች የአምስት ቀን ቀለብ ነበር። ገብስ አጭዳችሁ ለምታውቁ ይህ ምን ያህል እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

የባለ መሬቱን የቦዔዝንም ድርሻ ያስተምሩ። ሕጉ ሦስት ነገር ለድኻው ያስቀራል፦ የእርሻውን ዳር፣ ሲታጨድ የወደቀውን (ዘሌዋውያን 19፥9) እና ተረስቶ የቀረውን ነዶ (ዘዳግም 24፥19)። የአይሁድ ሊቃውንት በኋላ ልኩን ሲወስኑ ዳሩ ከ60 አንድ እጅ እንዳያንስ፣ አንድ ወይም ሁለት ዛላ ከወደቀ የድኻው እንዲሆን፣ ሦስት ከሆነ ግን የባለቤቱ እንዲሆን አሉ። ምክንያቱ ዘዳግም 24፥22 ላይ ነው፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ። ቦዔዝ ከሕጉም አለፈ። አጫጆቹን ከነዶው መዘዝ እያደረጋችሁ ተዉላት፣ አትገሥጿትም አላቸው (2፥16)።

የሩት አማት ኑኃሚን ቤተ ልሔም ስትደርስ እግዚአብሔር «ባዶዬን» መለሰኝ ብላ ነበር (1፥21)። በምዕራፍ 3 ቦዔዝ ለሩት ስድስት መስፈሪያ ገብስ ሰፍሮ ሲያሸክማት፣ እርሷ ለአማቷ የነገረቻት ቃል ያው ነው፦ «ወደ አማትሽ ባዶሽን አትሂጂ» አለኝ።