«ዛሬ አንበርም» ማለትን ቀድማችሁ ተማሩ

ልጆቼ፣ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ለመማር አስባችሁ ምክር የምትጠይቁኝ ከዓመት ዓመት እየበዛችሁ ነው። ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም ትደውላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ነርሶች፣ አንዳንዶቻችሁ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናችሁ፤ ቀን ኮሌጅ ውላችሁ ማታ ኡበር የምትነዱም አላችሁ። አብራሪ ሆናችሁ ልትቀጠሩ አይደለም፤ ለራሳችሁ ደስታ ነው። እሰየው ብያለሁ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ሲሆን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኤርፖርት ላይ ማብረር አስተምራለሁ። ሁለቱንም ሥራ ስለማውቅ የምነግራችሁ አለኝ።

በትልቅ አየር መንገድ አንድ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ብዙ ዓይን ያየዋል። ቴክኒሻኑ ይፈትሻል፤ ኢንስፔክተሩ የቴክኒሻኑን ሥራ አይቶ ይፈርማል። ዲስፓቸሩ የአየሩን ሁኔታ አጥንቶ ነዳጁን ያሰላል። ኮክፒት ውስጥ ካፒቴኑ የዘነጋውን ረዳቱ ያስታውሰዋል። አንዱን ያመለጠው ነገር ሌላው ዘንድ ይያዛል። ቅዳሜ ጠዋት ሴስና 172 የሚባለውን ትንሽ አውሮፕላን ተከራይታችሁ ስትነሱ ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዱም የለም። ቴክኒሻኑም፣ ዲስፓቸሩም፣ ካፒቴኑም፣ ረዳቱም እናንተው ናችሁ። «ተው፣ ይቅርብህ» የሚል ከጎናችሁ አይኖርም። የዚህ ነገር ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። መሪ መያዙን ማንም ጤነኛ ሰው ይለምደዋል።

ከነዳጁ ልጀምር። የትንሽ አውሮፕላን ቤንዚን፣ 100 ኤልኤል የሚባለው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ከበረራ በፊት ክንፉ ሥር ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በፕላስቲክ ኩባያ ጫፍ ገፋ አድርጋችሁ ጥቂት ትቀዳላችሁ። ሴስና 172 ኤስ በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር አምስት፣ ሆዱ ሥር ደግሞ ሦስት፣ በድምሩ 13 እንዲህ ያለ መቅጃ አለው። ኩባያውን ወደ ብርሃን ታነሳላችሁ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጥና ቀለም አልባ ጠብታ ሆኖ ከሥር ይንከባለላል። የታንኩ ክዳን ላስቲክ አርጅቶ ሌሊት ዝናብ ከጣለ፣ ወይም ታንኩ ጎደሎ አድሮ ውስጡ ካላበ፣ ውሃ አይጠፋም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኩባያው ጢም ብሎ የሞላው ውሃ ብቻ ከሆነ ከሥር የሚንከባለል ጠብታ ስለማይታይ ጥርት ያለ ነዳጅ ይመስላል። ስለዚህ ጥራቱን ብቻ ሳይሆን ሰማያዊነቱን እዩ፤ አሽትቱትም። እየተንበረከካችሁ አሥራ ሁለቱን ቀድታችሁ አሥራ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ጉልበታችሁ ይሰለቻል፣ ብርዱም ያስቸኩላል። ያችን አንዷን ብትዘሏት የሚያያችሁ የለም። ሞተሩ ቢቆምም የሚቆመው ፓርኪንግ ላይ አይደለም፤ ተነስታችሁ አፍንጫው ቀና ሲል፣ ከታንኩ ሥር የተኛው ውሃ ወደ መውጫው ሲንሸራተት ነው። የነዳጅ መለኪያውንም አትመኑት። ክንፉ ላይ ወጥታችሁ በእንጨት ለኩ። ሕጉ በቀን በረራ ከመድረሻችሁ በኋላ ለ30 ደቂቃ፣ በማታ ለ45 ደቂቃ የሚበቃ ትርፍ ነዳጅ ያዙ ይላል፤ እኔ ተማሪዎቼን አንድ ሰዓት ካልያዛችሁ አትነሱ እላለሁ።

አሁን ወደ እኛ ሰው ጠባይ ልምጣ። ይሉኝታ አለብን። ቃል የገቡትን ማፍረስ፣ እንግዳ ማስከፋት፣ ሰው መሀል «ፈራ» መባል ይከብደናል። ይህ ጠባይ ከሰው ጋር አኑሮናል፤ አብራሪ ላይ ሲሆን ግን ይገድላል። አንዲት ተማሪዬ ፈቃዷን ባገኘች ሰሞን አክስቷ ከአዲስ አበባ መጡ። በአየር ላንሸራሽርዎት ብላ ቀን ቆረጠች። በቀኑ አክስትየው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የቤተሰቡን ልጆች አስከትለው፣ ድፎ ዳቦ በፌስታል ይዘው ኤርፖርት ደረሱ። ሰማዩ ግራጫ ነበር። ደመናው ይገለጣል ተብሎ ተጠበቀ፤ ከፍ ማለቱን ከፍ አለ፣ ግን እሷ ፈቃዷን ያገኘች ዕለት «ደመናው ከዚህ ዝቅ ካለ አልበርም» ብላ በካርድ ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ካስቀመጠችው ከፍታ በታች ነው። ሕጉ ይፈቅድላት ነበር። ካርዷ ግን አይፈቅድም። ከዘመዶቿ አንዱ «ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?» ሲላት ሰማሁ። አልመለሰችለትም። ወደ አክስቷ ዞር ብላ «አክስቴ፣ ዛሬ አንበርም። ኑ፣ አውሮፕላኑን ላሳይዎትና ምሳ እንበላለን» አለቻቸው። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልሰጠችም። እኔ ዳር ቆሜ እያየሁ ነበር፤ ፈተናዋን ካለፈችበት ቀን ይልቅ ያን ዕለት ኮራሁባት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስንት ጫማ ደመና፣ ስንት ማይል ዕይታ፣ ምን ያህል የጎን ነፋስ እንደምትቀበሉ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ማንም ሳይጠብቃችሁ ጻፉት። ሰው ስትጋብዙም «አየሩ ከፈቀደ እንበራለን፤ ካልፈቀደ ምሳ እንበላለን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ያኔ ስትቀሩ ቃል ያጠፋችሁ አትሆኑም።

ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየርን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የፕሬዚዳንቱ ልጅ። ሐምሌ 1999 በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ዘመዱ ሰርግ ሲሄድ፣ ባለቤቱንና እህቷን አሳፍሮ፣ ከኒው ጀርሲ በማታ ተነሳ። ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ፣ ጭጋግ ባለበት ጨለማ ባሕሩ ላይ ወደቀ፤ ሦስቱም ሞቱ። መርማሪዎቹ አውሮፕላኑ ላይ የሞተር ብልሽት አላገኙም። አብራሪው የት እንዳዘነበለ መለየት አቅቶት መቆጣጠር ተሳነው ነው ያሉት። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለውን ተጨማሪ ፈቃድ ገና አላገኘም ነበር። ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። ሚዛናችንን የሚጠብቀው ውስጠኛው ጆሯችን ቀስ ብሎ የሚመጣን መዞር አያውቀውም። አድማስ ሲጠፋባችሁ አውሮፕላኑ እየዞረ ቁልቁል ሲሄድ ሰውነታችሁ «ቀጥ ብለሃል» ይላችኋል፤ ስታስተካክሉት ደግሞ የተዘመመ ይመስላችኋል። ጉብዝናም ጸሎትም ይህን የጆሮ ስሜት አይለውጠውም። መድኃኒቱ ወይ መሣሪያውን አምኖ ማብረር መማር፣ ወይ አለመነሳት ነው።

ስለ ወረቀቱና ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። የአሜሪካ ዜግነት ያላችሁ ፓስፖርታችሁን ብታሳዩ ይበቃል። ግሪን ካርድ ወይም ሌላ ቪዛ ያላችሁ ግን ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱን፣ የቲኤስኤን፣ ማጣሪያ ማለፍ አለባችሁ። ከክፍያው በፊት የበረራ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ፣ በተለይ ለጭንቀት ወይም ለትኩረት የሚሰጥ ከሆነ፣ የጤና ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ ቅጹ ላይ ግን ምንም አትደብቁ፣ ወንጀል ነው። ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ 20ው ከአስተማሪ ጋር፣ 10ሩ ብቻችሁን። በተግባር ብዙ ሰው ከ60 ሰዓት በላይ ይወስድበታል፤ በዋሽንግተን አካባቢ 15,000 ዶላርና ከዚያም በላይ አስቡ። በወር አንዴ እየበረራችሁ አትጀምሩት፤ በመሀል የረሳችሁትን ደግማችሁ ትከፍሉበታላችሁ። እቁብ ግቡ፣ ገንዘቡን አጠራቅሙ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየበረራችሁ ጨርሱት። ቅናሽ አለ ቢሏችሁም ሙሉውን ክፍያ ለማንም ትምህርት ቤት አስቀድማችሁ አትስጡ፤ ተዘግቶ ገንዘባቸው የቀረባቸው ልጆች አውቃለሁ።

ሬዲዮውን የምትፈሩ ብዙ ናችሁ። «በእንግሊዝኛዬ ይስቁብኝ ይሆን» ትሉኛላችሁ። ማንም አይስቅም። ማንን እንደምትጠሩ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፤ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጨረሻ ላይ «ስቱደንት ፓይለት» ብላችሁ ጨምሩ፤ ታወሩ ላይ ያለው ሰው ዝግ ብሎ ያናግራችኋል። ካልሰማችሁ «ሴይ አጌን»፣ ድገምልኝ፣ በሉ። ያልሰሙትን እንደሰሙ ሆኖ «ሮጀር»፣ ሰምቻለሁ፣ ማለት ያው ይሉኝታው ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ በዋሽንግተን ዙሪያ 30 የባሕር ማይል ያህል ልዩ የአየር ክልል ተከልሏል፣ ያለ በረራ ዕቅድና ያለ ትራንስፖንደር ቁጥር፣ ማለትም ራዳር አውሮፕላናችሁን የሚለይበት ቁጥር፣ አይገባበትም። ኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርትን ሄዳችሁ እዩት። ዊልበር ራይት በፈረንጆች 1909 የአሜሪካን ጦር መኮንኖች ማብረር ያስተማረበት ሜዳ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ፈቃዱን ካገኛችሁ በኋላ ዘመድ «አትላንታ ውሰደኝ፣ ነዳጁን እኔ እችላለሁ» ይላችኋል። አይቻልም። የግል አብራሪ የራሱን ድርሻ ቢያንስ ከተሳፋሪዎቹ ጋር እኩል መክፈል አለበት፤ ሌላው ሕገወጥ ታክሲ ነው። ሰው ለማሳፈር በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስታችሁ ማረፍ፣ ሰው ባታሳፍሩም በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር መፈተሽ ይኖርባችኋል። ብቻችሁን ስትከራዩ ይህ ሁሉ ይከብዳል፤ ለዚህም ነው የበረራ ክለብ ግቡ የምላችሁ።

ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን እንዲህ ነበር የጀመረው። በቺካጎ ጥቁሮችን የሚያስተናግድ ኤርፖርት ሲጠፋ፣ በመኪና መካኒክነት የሚተዳደረው ሮቢንሰን ከኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ማኅበር መሥርቶ፣ ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ማኮብኮቢያ ሠሩ። በፈረንጆች 1935 ወደ አገራችን የመጣውና በጣልያን ወረራ ጊዜ የአየር ኃይላችንን የመራው ያ ሰው ነው። ክለብ ወጪ ብቻ አይደለም የሚጋራው። አራት አምስት ሰው አንድ አውሮፕላን ሲይዝ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል፤ ከእናንተ በፊት የበረረው ልጅ «ግራው ፍሬን ላላ ብሏል» ብሎ ጽፎ ይተውላችኋል፤ ደመናውን አይቶ «ተዉት ዛሬ» የሚልም አይጠፋም። ብቻ ከመግባታችሁ በፊት የጥገና መዝገቡን አሳዩን በሉ። ዓመታዊው ምርመራ መቼ እንደተደረገ፣ ማን እንደፈረመበት፣ ሞተሩ ከታደሰ ወዲህ ስንት ሰዓት እንደሠራ ራሳችሁ አንብቡ። መዝገቡን ለማሳየት የሚያመነታ ክለብ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡና ሌላ ፈልጉ።