በሰርጓጅ መርከብ ለሚመደብ ልጅ፣ ከጨረሩ ይልቅ ሰዓቱ

ከደብረ ሲና የጻፉልን እናት፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚያገለግለው ልጅዎ በኑክሌር ኃይል በሚንቀሳቀስ ሰርጓጅ መርከብ ሊመደብ እንደሆነ ገልጸው፣ ጨረሩና የአየሩ መታፈን ሰውነቱን ይጎዱት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሰርጓጅ መርከብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ በነርስነት ለዓመታት አዳር ተረኛ ሆኜ ስለሠራሁ፣ ከጥያቄዎ ውስጥ አንዱን ክፍል በራሴም በባልደረቦቼም ላይ አይቼዋለሁ።

አየሩ ብዙ አያሳስብዎ። ኦክስጅኑ ከባሕር የተጣራ ውሃን በኤሌክትሪክ በመከፋፈል እዚያው ይመረታል፤ ግፊቱም ከባሕር ወለል ጋር ተቀራራቢ ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ያንሳልና፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን እሱ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። የመርከቡን የኑክሌር ኃይል የሚያመነጨው ሪአክተርም በወፍራም መከለያ የታጠረ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከሕዋ የሚመጣውን ጨረር ያስቀራል። ይልቅስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጣሪያ እያለም ከውጭው አየር በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሰዓቱ ነው። የሰውነታችን የተፈጥሮ ዑደት ከ24 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከበኞች ግን ለረጅም ዘመን 6 ሰዓት ሠርተው 12 ሰዓት ከተራ ውጭ እየሆኑ በ18 ሰዓት ቀን ይኖሩ ነበር። ሰውነት ይህን ያህል ላጠረ ቀን ራሱን ማስተካከል ስለማይችል፣ እንቅልፍ የሚጋብዘው ሜላቶኒን በተራ ሰዓት ይመጣል፣ በመኝታ ሰዓት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ወደ 24 ሰዓት መርሐ ግብር መመለስ መጀመራቸው ለልጅዎ መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም ተራው ሌሊት ላይ ከዋለ ችግሩ በከፊል ይቀራል። የደም ስኳርን የሚቀንሰው ኢንሱሊን ሌሊት እንደ ቀኑ ስለማይሠራ፣ ያው አንድ ዓይነት ምግብ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲበላ የደም ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። እኛም አዳር ላይ ሽሮና እንጀራችንን በልተን ጧት የሚከብደን፣ ቀን እንቅልፍ እምቢ የሚለንና ውለን አድረን ቦርጭ የምናወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። በመርከቡ ላይ ደግሞ ምግቡ በቀን እስከ አራት ጊዜ ይቀርባል፣ መንቀሳቀሻውም ጠባብ ነው። ስለዚህ በሌሊት ተራ ቀለል ያለ ነገር እንዲበላ፣ ከመርከቡ የስፖርት መሣሪያም እንዳይርቅ ይምከሩት።

የቀረው ፀሐይ ነው። ተልዕኮው ከሁለት ወር በላይ ሊዘልቅ ስለሚችል በደሙ ያለው ቫይታሚን ዲ ይቀንሳል፣ ይህም ለአጥንት አይበጅም፤ በደጋው አገራችን ብርድ ፈርተው ሕፃን ቤት የሚያቆዩ እናቶችን ፀሐይ አሙቁት የምንለውም ለዚሁ ነው። ከመሄዱ በፊት መጠኑን ቢያስለካ ጥሩ ነው። የፍልሰታን ጾም የሚይዝ ከሆነ ወተትና እንቁላል ስለሚቀሩበት፣ ስለ ቫይታሚን ዲ እንክብል የመርከቡን የጤና ባለሙያ አስቀድሞ ያማክር።