ስልክ ስቀማው ቤቱ ይቀወጣል

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ስልክ ስቀማው ቤቱ ይቀወጣል። ይጮኻል፣ ያገኘውን ይወረውራል፣ ታናሽ እህቱን ይመታል። መከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ መትቼውም አውቃለሁ። ሲደክመኝ ስልኩን መልሼ እሰጠዋለሁ። ሲበርድለት ደግሞ እያለቀሰ ይቅርታ ይለኛል። አባቱ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «እያለቀሰ ይቅርታ ይለኛል» ያሉትን ደግሜ አነበብኩት። ልጅዎ ጥፋቱን ያውቃል ማለት ነው። ቱግ ሲል ግን ራሱን የሚይዝበት ይጠፋዋል። ቆም ብሎ ማሰብን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል በስሎ የሚያበቃው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ገና ብዙ ይቀረዋል። ንዴቱ ጣሪያ ሲነካ ምክርዎ አይገባውም። እኛ አዋቂዎቹስ ስንናደድ መች ምክር እንሰማለን?

ትልቁ ጉዳይ ግን ስልኩን መልሰው መስጠትዎ ነው። ልጁ ይጮኻል፣ እርስዎ ይሸነፋሉ፣ ጩኸቱ ይቆማል። እሱ ስልኩን አገኘ፣ እርስዎም እፎይ አሉ። ሁለታችሁም ስላተረፋችሁ ነገም ይደገማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄራልድ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው እየተመለከቱ ያጠኑት ይህንኑ አዙሪት ነው። አንዳንዴ ብቻ መሸነፍ ደግሞ ይብሳል። እንደ ሎተሪ ነው፤ «ዛሬ ይወጣልኝ ይሆናል» እያለ ይሞክራል።

«ስቀማው» ብለዋል። እስቲ መቀማቱን ይተዉት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መቼ እንደሚያበቃ ተስማሙ። 10 ደቂቃ ሲቀረው ይንገሩት፣ 2 ደቂቃ ሲቀረውም ይድገሙለት። ሳይጮህ ከሰጠዎት «ጎበዝ» ብለው አይለፉት። «ተናደህ ነበር፣ ግን ሳትጮህ ሰጠኸኝ» ይበሉት። በጎ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ይስማ።

ስሜትን የመያዝ ትምህርት ደግሞ ሰላም በሆነ ሰዓት ነው የሚሰጠው። ንዴት ሲመጣ ሰውነቱ ላይ ምን እንደሚሰማው ይጠይቁት። ቡጢው ይጨበጣል? ፊቱ ይግላል? ያንን ምልክት ካወቀ ቀድሞ ይነቃል። ከዚያ ትንፋሽ ተለማመዱ። ሻማ እንዳለ አድርጎ፣ ነበልባሉ ሳይጠፋ እንዲወዛወዝ ብቻ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ትንፋሽን በረጅሙ ማውጣት የልብ ምትን ያረጋጋል። እንደ ጨዋታ አድርጉት፣ እርስዎም አብረውት ይሥሩ። (ንዴቱ እንዲወጣለት ትራስ ይምታ የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። መምታት ንዴትን እንደማያበርድ ጥናቶች አሳይተዋል።)

ማዕበሉ ሲነሳስ? ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። «ጨዋታው ስለተቋረጠብህ ተናደሃል» ይበሉትና ዝም ይበሉ። ስሜቱን አመኑለት እንጂ ስልኩን አልሰጡትም። እህቱን ከመታ መጀመሪያ እሷን ያንሱ፣ «መምታት የለም» ብለው ይለያዩዋቸው፣ በቃ። እርስዎ ግን አይምቱት። «አትምታ» እየተባለ የተመታ ልጅ የሚይዘው ምቱን ነው።

አሁን አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። መሸነፍ ሲያቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ወላጅ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራውን መንገድ ስለከለከሉት ጠንክሮ እየሞከረ ነውና ይቻሉት። አባቱም ከእርስዎ ጋር አንድ ቃል ይሁን። እርስዎ ከልክለው እሱ ከሰጠ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ማን አሞላቀቀው የሚለው ክርክር ለልጁ ምንም አይፈይድለትም፣ ይለፉት።

እንቅልፉንም ይዩለት። በዚህ ዕድሜ በቀን በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ያህል መተኛት አለበት። ነገሩ ከ6 ወር ካለፈ፣ ትምህርት ቤትም ከታየ፣ ወይም ራሱንና ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። የመስማት ችግርና የትኩረት ማነስም አንዳንዴ «ረባሽ» ያሰኛሉ።

ዛሬ ማታ ይቅርታ ካለዎት ደግሞ ስብከት አይጀምሩ። ይቀፉትና «በሚቀጥለው ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁት። ምን እንደሚልዎት ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።