ከሆቴሉ በፊት ወሩን ምረጡ፦ ስለ ዛንዚባር ጉዞ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዛንዚባር ናቸው። አይገርምም፤ የታንዛኒያ ደሴት ነው፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የሚደረስበት፣ ከሌሎቹ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ጋር ሲነጻጸርም ኪስ የማይጎዳ ቦታ ነው። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባርን አስበናል፤ የሆቴሉም ዋጋ በጣም ቀንሶ አገኘነው። እንያዘው? (ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ)

እንኳን ደስ ያላችሁ! ዋጋው ግን የቀነሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛንዚባር ዋናው ዝናብ፣ እነሱ ማሲካ የሚሉት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። የእኛ ትንሣኤ ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም። ስለዚህ የፋሲካ ሙሽራ ሁሉ ዝናቡ መሐል ነው የሚገባው። በእነዚህ ወራት ጭራሽ በራቸውን የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ።

ከቻላችሁ ጉዞውን ወደ ሰኔ አጋማሽ ግፉት። እኛ ጃንጥላ ስንይዝ እነሱ ደረቁና ነፋሻው ወቅት ላይ ናቸው፤ እስከ ጥቅምት መጀመሪያም አየሩ ደስ ይላል። የጥር ሙሽሮች ታድለዋል፤ ያኔም ደረቅ ነው፣ ሙቀቱን ከቻሉት።

ፓጄ የሚባለው ዳርቻ አርፈን ጠዋት ስንነሳ ባሕሩ የለም! ማስታወቂያው ላይ ያየነው ሰማያዊ ውሃ የት ሄደ? ተታለልን ወይ? (ከሐዋሳ)

አልተታለላችሁም፤ ሰዓቱን የነገራችሁ ሰው ስለሌለ ነው። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ውሃ ቦታውን ይለቃል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ፣ ሜዳ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ የኮራል ድንጋይ አጥር አለው። ስለዚህ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል። ከስድስት ሰዓት ያህል በኋላ ይመለሳል፤ የመሸሻው ሰዓትም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሽሽቱም ሙላቱም ይብሳል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የሰዓቱን ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ እዩት።

ከጠዋት እስከ ማታ መዋኘት የሚፈልግ ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይሂድ፤ እዚያ ውሃው ያን ያህል አይርቅም። ቦታው ግን ሰው ይበዛበታል፣ ማታ ማታም ሙዚቃው አያስተኛም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፓጄን አልለውጥም። ውሃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይወርዳሉ፤ አሸዋው ላይ በተተከሉ ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም እየቋጠሩ ያሳድጋሉ፣ የደረሰውን በጆንያ ይሸከማሉ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ምግብና መዋቢያ ውስጥ ይገባል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ሥራ ላይ ናቸው። በባዶ እግርም አትውረዱ፤ ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው ኩሬ ውስጥ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ ጥቁር የባሕር እንስሳ አለ፣ ከረገጣችሁት የዕረፍቱ ቀሪ ቀናት እሾህ በመንቀል ያልቃሉ።

የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለኝ። አዲስ አበባ ቤተሰብ ጋር ሳምንት ቆይቼ ወደ ዛንዚባር ልሻገር ነው። ምን ያስፈልገኛል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሦስት ነገር። የታንዛኒያ ቪዛ፣ ለአሜሪካ ፓስፖርት 100 ዶላር ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከአሜሪካ በቀጥታ ለሚሄድ አይጠየቅም፤ እርስዎ ግን ቢጫ ወባ አለባቸው ከሚባሉት አገሮች በአንዷ ቆይተው ነው የሚገቡት። በትራንዚት እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆዩ ይጠየቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አይሯሯጡ። አንዴ ከተከተቡ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ የደሴቲቱን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ተደንግጓል፤ ሲጀመር ዋጋው 44 ዶላር ነበር። «የራሴ አለኝ» ማለት አያድንም።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ደግሞ «ስደርስ እቀበላለሁ» ብላችሁ አትነሱ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ሆቴል አትያዙ።

ጉዟችን በፍልሰታ ላይ ዋለ። ምን በልተን እንከርማለን? (ከደብረ ብርሃን)

ከምታስቡት በላይ ይመቻችኋል። እዚያ የኮኮናት ወተት የቅቤን ቦታ ይዟል፤ ሩዙም፣ ቦሎቄውም፣ ጎመን መሰሉ ምቺቻም በእሱ ይሠራል። ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ኡሮጆ የሚሉት ቢጫ፣ ኮምጠጥ ያለ ሾርባ አለ፤ ድንችና የተጠበሰ ባጂያ ይገባበታል። «ሥጋና እንቁላል አይግባበት» በሉ። ማታ ፎሮዳኒ የአትክልት ሥፍራ የሚጠበሰው ግን አሣውም ሥጋውም በአንድ ፍርግርግ ላይ ስለሆነ ዝንጅብልና ሎሚ በገባበት የሸንኮራ ጭማቂ እለፉት። አሣ ስለ መብላት እናንተና የንስሐ አባታችሁ ታውቃላችሁ።

የጀልባው ሰውዬ «ሦስት ሰዓት ላይ» ሲል የትኛውን ሦስት ሰዓት ነው? (ከአዳማ)

በስዋሂሊ ከተናገረ የእኛኑ ነው፤ እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። በእንግሊዝኛ ከነገራችሁ ግን የፈረንጁ ሊሆን ይችላል፤ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ቁምጣ ለብሶ መዞር ያስነውራል? (ከድሬዳዋ)

ባሕሩ ዳር አያስነውርም። ከተማውና መንደሩ ውስጥ ግን ሕዝቡ ሙስሊም ነውና ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ረመዳን ከሆነ ቀን መንገድ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ። ለድሬ ሰው ይህን መንገር ድፍረት ነው።

ሲሼልስ ወይስ ማልዲቭስ ብንሄድስ? (ከዱባይ)

ሁለቱም በቪዛ አያስቸግሩም፤ ሲሼልስ አስቀድሞ የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት ትጠይቃለች፣ ማልዲቭስ ሲደርሱ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ትሰጣለች። ሲሼልስ ተራራም ጫካም ስላላት አሸዋ ላይ መተኛት ለሚሰለቸው ትሻላለች፤ ዋጋዋ ግን ያስደነግጣል። ማልዲቭስ ላይ የሆቴሉን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ደሴቱ ያለው ጀልባ ወይም የባሕር አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ለብቻው ይከፈላል። የባሕር አውሮፕላኑ ደግሞ በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚበረው፤ ማታ የሚደርስ ትኬት ከቆረጣችሁ የመጀመሪያዋ ሌሊት ዋና ከተማዋ ማሌ አካባቢ፣ በሌላ ሆቴል ሒሳብ ታልፋለች።