«12 ስንደርስ ለኛም ይታጠብልናል» ትላለች

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ ሂርማታ ነው። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል አዲስ አበባ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች። ስትደውል ትልልቆቹ ልብስ ያሳጥቡናል አለችኝ፣ ለምን ስላት «እማዬ ልማዱ ነው፣ 12 ስንደርስ ለኛም ይታጠብልናል» አለች። አባቷ አሁኑኑ ትምጣ ብሏል። እሷ ግን ትምህርት ቤቱን ወዳዋለች፣ ስለ ከለር ደይ በዓላቸው ማውራት ከጀመረች አታባራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ አባቷን ትንሽ ታገስ በይው። እኔም ከጅማ ሄጄ 4 ዓመት አዳሪ ነበርኩ፣ የመጀመሪያ ሳምንት ሌሊት ሳለቅስ ከላይኛው አልጋ ያለችው የ11ኛ ክፍል ልጅ ወርዳ አጠገቤ ተኛች፣ ከዛ በኋላ ሂሳብ ያስጠናችኝም እሷው ነበረች። ከቤት ቆሎና ማር ሲላክልኝ ካርቶኑ ሳይከፈት አያድርም፣ ዶርሙ በሙሉ ይቋደሳል፣ መጀመሪያ የሚደርሳቸው ደግሞ አዲሶቹ ናቸው፣ ይሄንንም ማንም አላዘዘንም ከበላዮቻችን ያየነው ነው። ልማድ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ 1931 ሲከፈት ሴት ልጅን ለትምህርት ከቤት ማስወጣት ራሱ ትልቅ ነገር ነበር፣ በኋላ ስሙ ተቀይሮ የካቲት 12 ተብሎ የነበረ ቢሆንም የድሮዎቹ እናቶች ዛሬም «የመነን ልጅ ነኝ» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። ልጅሽም እንደዛ የምትለው ቤት እያገኘች ነው፣ ያንን አትንጠቋት።

የልብስ አጠባው ግን ይቁም። ጉልበቷ ብቻ አይደለም የጥናት ሰዓቷም እየሄደ ነው፣ ከሁሉ የከፋኝ ደግሞ «ለኛም ይታጠብልናል» ያለችው፣ ከወዲሁ ተራዋን መጠበቅ ጀምራለች ማለት ነው። መጀመሪያ እምቢ ያለች ልጅ ምን እንደሚደርስባት ረጋ ብለሽ ጠይቂያት። ዱላ ወይ ማስፈራሪያ ካለ ሳትውይ ሳታድሪ ሂጂና ዳይሬክተሩን አናግሪ። ከሌለ ለፕሮክተሯ፣ ማለትም ለዶርሙ ተቆጣጣሪ ደውይ፣ የልጅሽን ስም ሳትጠሪ «የ9ኛ ክፍል ልጆች» ብለሽ ንገሪያት፣ አለበለዚያ አሳባቂ ይሏትና ዶርም ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች። ከጅማ ልጅ የላከ ሌላ ወላጅ ካወቅሽ አብራችሁ ደውሉ፣ ይበልጥ ይሰማል።

ማታ ስትደውልልሽ ደግሞ «12 ስትደርሺ ለአዲሶቹ ምን ታደርጊላቸዋለሽ?» በያት፣ የምትልሽን ጻፊልኝ።